ሐኪሙ ምን አለ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ውሃ ጣድኩ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ሻዬን ቆሜ ጠጣሁ፤ ከዚያ ካውያውን ሰካሁ። ቅዳሜ ጠዋት የምተኩሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራት ሜትር በሦስት የሆነ ነጭ አቡጀዲ። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ፊልም የምናሳየው በሱ ላይ ነው። ካልተተኮሰ የሰው ፊት ላይ መስመር ያወጣል። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ጥሎኝ ሳልተኩሰው ሄድኩና፣ በፊልሙ ውስጥ የምትናገር የሃያ አምስት ዓመት ነርስ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተሸብሽባ ታየች። ሰዎቹ "ምስኪን፣ የሌሊት ተረኝነት ነው እንዲህ ያደረጋት" እያሉ ሲያዝኑላት ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ሳይተኮስ ከቤት አይወጣም።

ተኩሼ ስጨርስ እንዳይታጠፍ እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አጋደምኩትና ወጣሁ። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ዱቄቱን ከክንዱ እያራገፈ ነበር።

"ዛሬ ምንድን ነው የምታሳዪን?" አለኝ።

"ልብስ ሰፊዎቹን። የኛኑ ሰፈር።"

"እኔ አለሁበት?"

"አንድ ቦታ ላይ ዳቦ ተሸክመህ በጎን ታልፋለህ።"

"በየትኛው ጎኔ?"

"በግራ መሰለኝ።"

"ግራዬ ደህና ነው። እመጣለሁ" አለ።

በዚያ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የንባብ ክፍሉን ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳ እንገፋለን፣ አራቱን መስኮቶች በብርድ ልብስ እንሸፍናለን፣ ስድሳ ወንበር እንደረድራለን። የምናሳየው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ሲኒማ ቤት የማይገባ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ካሜራ ተሸክሞ ዓመት ሁለት ዓመት የለፋበት። ለሠሪዎቹ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንዱ "ስንት ሰው ያየዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። "ስድሳ ወንበር አለን፤ ሰባ ሰው ይመጣል" ብዬ ጻፍኩለት። ፊልሙን በዚያው ቀን ላከው።

የመጀመሪያው ፊልማችን በሌላ ቋንቋ ስለሚናገሩ ዓሣ አጥማጆች ነበር፤ ንግግራቸው ተተርጉሞ ከሥር ይጻፋል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ አንድ ሰው፣ "ይሄ ጽሑፍ የሚያሳድደው አለ እንዴ? አንዱን ፊደል ስይዘው ሌላው ያመልጠኛል" አለ። ሌላዋ መነጽሯን ቤት ረስታለች። ሦስተኛው ዝም ብሏል፤ ማንበብ እንደማይችል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፕሮጀክተሩን የሚይዝልን ጡረተኛ ኤሌክትሪሺያን ወደ እኔ ዞረና፣ "እህቴ፣ ተምረሽ የለም እንዴ? ጮክ ብለሽ አንብቢልና!" አለኝ። ቆሜ አነበብኩ። እነሆ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ ቆሜም ተቀምጬም ሳነብ።

አሠራሬ ቀላል ነው። ፊልሙ ሲደርሰኝ ንግግሩን ሁለት ሦስት ሳምንት ፈጅቼ ደብተር ላይ በእርሳስ እተረጉመዋለሁ። በዕለቱ ከአቡጀዲው በስተግራ ትንሽ መብራት ይዤ እቀመጣለሁ፤ የተናጋሪው አፍ ሲከፈት እጀምራለሁ፣ ሲዘጋ አበቃለሁ። ድምፄን አልቀያይርም። ለወንዱም ለሴቱም፣ ለዳኛውም ለእስረኛውም ያው ድምፅ ነው። ሰው ያልተናገረውን አልጨምርም፣ የተናገረውን አላስቀርም። እንዲህም ሆኖ አንዳንዱ ይቀየመኛል። አንድ ጊዜ ሠራተኞቹን በአንድ ቀን የበተነ የፋብሪካ ኃላፊ የተናገረውን አነበብኩ። ልብስ አጣቢዋ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈገችኝ። "ምን አደረግኩሽ?" ብላት፣ "ያን ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ በትነሽ ደግሞ ምን አደረግኩ ትያለሽ?" አለችኝ።

ባለቤቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። የሚሠራው ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለት መንገድ አልፎ በልብስ ሰፊዎቹ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። ሰፊዎቹ ሐኪሙ ይሉታል። ፊልም ስናሳይ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ማሽን ካለ ነቅቶ ያያል፤ ማሽን ከሌለ ያንቀላፋል። ያንቀላፋ ቀን በውይይቱ ላይ ቀድሞ እጁን ያወጣና "ጥሩ ፊልም ነው" ይላል። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ነገር ብዙ አልናገርም።

የዚያን ቅዳሜ ፊልም የሠራችው የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ባለካሜራዋ እንላታለን። ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ ካሜራዋን ይዛ ሰፊዎቹ ሕንፃ ገባችና ዓመት ሙሉ አልወጣችም። ከዚያ ፊልሙን መቁረጥና መቀጠል ሦስት ዓመት ፈጀባት። ፊልሙ ሊታይ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኮምፒውተሯን አቅፋ ቤተ መጻሕፍት መጣች። የተመለሱትን መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ እያስቀመጥኩ ነበር።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት" አለችኝ። "ሰው ከማየቱ በፊት እርስዎ ማየት አለብዎት ብዬ ነው።"

ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ባለቤቴ ነበር። በሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ሆዷ የተከፈተ የስፌት መኪና አለች፤ በእጁ ካቻቢቴ ይዞ ካሜራውን እያየ ያወራል። ምንም አይሰማም።

"ድምፁስ?" አልኳት።

"የለም።" ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ "ማይኩን ሳልሰካ ነው የቀረጽኩት። ጀማሪ ነበርኩ። ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው። አለቀስኩ። ሌላ ቀን እንደገና እጠይቃቸዋለሁ ስል ስል . . ."

"ታመመ" አልኩላት።

"አዎ።" ወደ ምስሉ እያመለከተች፣ "እርስዎ የሰው አፍ እያዩ ስድስት ዓመት አንብበዋል። የሳቸውን አፍ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል። ምናልባት ምን እንደሚሉ . . ."

የመጀመሪያው ቃል ከከንፈሩ ላይ ሲነሣ ምን እንደሚያወራ አወቅኩ። ያቺን ወሬ መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ። የሚጀምርበትን፣ የሚያርፍበትን፣ ጢሙን የሚነካበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ለካሜራ ማውራቱን ግን አልነገረኝም ነበር። ግማሹ ላይ ስትደርስ "በቃ፣ ዝጊው" አልኳት።

"ያዙት?"

"አልያዝኩትም። ፈጥኖ ነው የሚያወራው።"

ባለቤቴ ፈጥኖ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ዋሸኋት።

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። ሲሞት መሣሪያዎቹን ያስተማራቸው ጠጋኞች ተካፈሏቸው፤ ኮቶቹን የወንድሙ ልጆች ወሰዱ፤ ሬዲዮው ለእህቱ ሄደ። ሁሉንም የሰጠሁት ራሴ ነኝ፤ አልጸጸትም። ስሙንም ቢሆን ሰፊዎቹ በየቀኑ ያነሡታል፤ መርፌ በተሰበረ ቁጥር "ሐኪሙ ቢኖር ኖሮ" ይላሉ። ያቺ ወሬ ግን የኔ ነበረች። ለማንም አውርቻት አላውቅም።

"እንግዲያው ከፊልሙ ላውጣው?" አለች ልጅቷ።

"ተይው፤ እጁ ይታያል" አልኳት።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ደረሰ። ሰፊዎቹ ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምረው ገቡ፤ ሁሉም ራሱ የሰፋውን ለብሷል። ስድሳው ወንበር ሞላ፣ ከዚያ የመደርደሪያዎቹ ጠርዝ ሞላ፣ ከዚያ ወለሉ። ኮት ሰፊው ፊት ረድፍ መካከል ላይ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ዕድሜው ሰባ ነው፤ ምላሱ ግን ገና አልጎረመሰም ይሉታል። የባለቤቴ ታላቅ እህት ስትገባ እጁን አወዛወዘላት። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ የቁልፍ ቀዳዳ ስትዘመዝም የኖረች ሴት ናት፤ ሕንፃው በሙሉ ቁልፌ ይላታል።

"ቁልፌ፣ ነይ እዚህ! ቦታ ይዤልሻለሁ። የሁለት ሰው ነው፤ እንደምንም ተጣብቀሽ ይበቃሻል።"

"ሁለተኛውን ለምላስህ አድርግለት" አለችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

ፊልሙ በራሳችን ቋንቋ ስለሆነ እኔ ሥራ አልነበረኝም። ቢሆንም ከአቡጀዲው በስተግራ ያችው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ቦታ መቀመጥ ረስቻለሁ። መብራቴን አጥፍቻለሁ፤ ደብተርም አልያዝኩም።

ሰው ራሱን ሲያይ እንዴት ደስ እንደሚለው ያን ቀን አየሁ። ባለካሜራዋ ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው፤ አትቸኩልም፣ አታስረዳም፣ እጅ ላይ ትቆያለች። ክር በጥርስ ሲቆረጥ፣ ጠመኔ በጨርቅ ላይ ሲሄድ፣ ሁለት ሰፊዎች በአንድ ክንድ ልክ ሲጨቃጨቁ። በየጊዜው አዳራሹ ይጮሃል።

"ይሄ የማነው ሆድ?" አለ ኮት ሰፊው።

"ያንተው ነው" አለች ቁልፌ። "አንተ እስክትደርስ ቀድሞህ በበሩ ገብቶ ነው።"

ዳቦ ጋጋሪው በግራ ጎኑ ብቅ ብሎ በሦስት ሰከንድ ውስጥ አለፈ። "እኔ ነኝ! ያ እኔ ነኝ! መልሱት!" ብሎ ተነሣ። ኤሌክትሪሺያኑ ፕሮጀክተሩን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ከልሎ፣ "ፊልም እንደ አውቶቡስ ነው ወንድሜ፤ ለቀረ ሰው ብሎ አይመለስም" አለው።

ከዚያ ባለቤቴ መጣ።

አዳራሹ "ሐኪሙ!" አለ፣ በአንድ አፍ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ሊሰማው። እሱ ያወራል፤ ድምፅ የለም። ኤሌክትሪሺያኑ ደንግጦ ተነሣ፤ የስፒከሩን ገመድ ነቅሎ ሰካ፣ ስፒከሩን በመዳፉ መታ። "የኔ ጥፋት አይደለም!" አለ፣ ማንም ሳይከሰው።

ባለካሜራዋ ከጥግ ተነሣች። "የኔ ጥፋት ነው። ሲቀረጽ ነው ድምፁ የጠፋው። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

በዚህ ጊዜ ሰማንያ ሰው ወደ ግራ ዞሮ እኔን አየኝ።

በክፋት አልነበረም፤ በልማድ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የሰው አፍ ተከፍቶ ቃሉ ካልገባ ወደ ግራ መዞር ነው። ስድስት ዓመት ያስለመድኳቸው ራሴ ነኝ።

"አንብቢልና" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"ጽሑፍ የለኝም" አልኩት።

"ጽሑፍ ምን ያደርጋል!" አለ ኮት ሰፊው። "እኔ እኮ የማነበው አፉን ነው። መልሰው እስቲ!"

አውቶቡሱ ለሐኪሙ ሲሆን ተመለሰ። ኤሌክትሪሺያኑ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው ጀመረው፤ ኮት ሰፊውም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አጎርንኖ ለባለቤቴ ይናገርለት ጀመር። "እኔ ሐኪሙ፣ በዚህ ሕንፃ ያላየሁት በሽታ የለም። የሁሉንም መኪና ከፍቻለሁ። እንደ ኮት ሰፊው መኪና ግን ንጹሕ፣ እንደሱ ግን ጨዋ ሰው . . ."

"ውሸታም!" አለች ቁልፌ። "ወንድሜ አንተን እንደዚህ ካመሰገነ ያኔውኑ ትኩሳት ነበረበት ማለት ነው።"

"ስለ ሚስቱ ነው የሚያወራው" አለች ልብስ አጣቢዋ። "አታዩም ሲስቅ?"

"ስለ ሚስቱ ሲያወራ የሚስቅ ባል የት አይተሽ ታውቂያለሽ?" አላት ዳቦ ጋጋሪው፤ ሚስቱ አጠገቡ ስለነበረች በክርኗ ጎሰመችው።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ባለቤቴ በብርድ ልብስ በጨለመ ክፍል ውስጥ ከሰው ሁሉ ጋር ሲቀልድ የዋለ ይመስል ነበር። እንዲህ እየተሳሳቁ እስከ መጨረሻው ቢሄዱ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር።

ሆኖም ቁልፌ ተነሣች። ወደ አቡጀዲው ቀረብ ብላ ቆመች፤ የራሷ ጥላ የወንድሟ ትከሻ ላይ አረፈ።

"ዝም በሉ እስቲ" አለች። "ስለ እማዬ ነው።"

ዝም አሉ።

"አፉን እዩት። እናት ነው ያለው። ሥራውን የጀመረው እኮ በእማዬ መኪና ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ፈትቷት መልሶ መግጠም አቅቶት ተደብቆ ዋለ። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ስሟን አንሥቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። እኔ ሳነሣት ተነሥቶ ይወጣ ነበር።" በጣቷ ወደ አቡጀዲው አመለከተች። "ለካሜራ አነሣት። ለኔ ያላነሣትን።"

ኮት ሰፊው ባርኔጣውን አወለቀ። ቁልፌ ወደኔ ዞረች። ፊቷ ላይ የፊልሙ ብርሃን ይሄዳል።

"አንቺ ታውቂዋለሽ" አለችኝ። "ንገሪኝ። ስለ እማዬ ነው አይደል?"

አዎ ብላት ደስ ብሏት ቤቷ ትገባለች። ማንም አይጎዳም። ይህን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ለልጅቷ ስዋሽ ግን የራሴን ነበር የደበቅኩት። ለእህቱ ብዋሽ ያልተናገረውን በአፉ አኖርኩ ማለት ነው። ዓሣ አጥማጅ ላይ ያላደረግኩትን፣ ያን የፋብሪካ ኃላፊ ላይ እንኳ ያላደረግኩትን፣ ባለቤቴ ላይ ላደርገው ነው። ደግሞም ወሬዋን እንደ ንብረቴ ቆልፌባት ነበር እንጂ እሱ እኮ ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ ያወራት ለሰው ሊሰጣት ብሎ ነው።

"ቁጭ በይ፣ እትዬ" አልኳት። "ስለ እማማ አይደለም።"

"ታዲያ ስለ ምንድን ነው?"

ኤሌክትሪሺያኑን "ከመጀመሪያው አስጀምርልኝ" አልኩት። መብራቴን አበራሁ። የማነበው ነገር ጉልበቴ ላይ አልነበረም፤ ያለ መብራቱ ግን ድምፄ አይወጣም።

አፉ ተከፈተ፤ ጀመርኩ።

"አንድ ቀን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የእናቷን መኪና በጋሪ አስጭና መጣች። 'አልሰፋ አለኝ፤ ከሥር ክሩ እየተተበተበ የወፍ ጎጆ ይሠራል' አለችኝ። 'ምንድን ነው የምትማሪው?' አልኳት። 'ቋንቋ' አለችኝ። መኪናዋን ፈታሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ገጠምኩ። ምንም የለባትም። 'እስቲ እንዴት እንደምትሰፊ አሳዪኝ' አልኳት። ጨርቁን አስገባች፤ እግሩን ሳታወርድ መስፋት ጀመረች።"

አዳራሹ ፈነዳ። እግር የሚባለው ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ትንሽ ብረት ነው፤ ስፌት የሚማር ሰው በመጀመሪያው ሰዓት የሚያውቀው ነገር ነው። "እግሩን ሳታወርድ!" አለ ኮት ሰፊው፣ ወገቡን ይዞ። "ዩኒቨርሲቲ ገብታ! እግሩን ሳታወርድ!" ባለቤቴ ግን ሳቃቸውን አይጠብቅም፤ አፉ አላቆመም፤ ስለዚህ እኔም በሳቁ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።

"'እግሩን አውርጂው' ልላት አፌን ከፈትኩ። ካልኳት ግን መኪናዋን ይዛ ትሄዳለች። 'ከባድ ብልሽት ነው፤ ሳምንት ይፈጃል' አልኳት። በሳምንቱ መጣች። 'መለዋወጫ አዝዣለሁ፤ አልደረሰም' አልኳት። በሌላውም ሳምንት መጣች። አምስት ሳምንት መለዋወጫ ጠበቅን፣ ላልተበላሸች መኪና።"

እዚህ ጋ ጢሙን ነካ። ቆምኩ። እጁን ከጢሙ ሲያነሣ ቀጠልኩ።

"በስድስተኛው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ ስለ ስፌት መኪና የተጻፈ። ገጹን ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችውና በጣቷ እያሳየች 'እግሩ አልወረደም ነበር' አለችኝ። በቃ ተያዝኩ አልኩ። እሷ ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠች፣ መጽሐፉን ዘጋች። 'እና መለዋወጫው መቼ ነው የሚደርሰው?' አለችኝ።"

ባለቤቴ ይህን ወሬ መቶ ጊዜ ሲያወራልኝ የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ይስቃል። አዳራሹም ያን ጊዜ እየሳቀ ነበር፤ አንዳንዱም እያጨበጨበ። እኔም ያበቃ መስሎኝ መብራቴን ላጠፋ እጄን ሰደድኩ። በስክሪኑ ላይ ግን ባለቤቴ እየሳቀ ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለ። ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው አናቱና ትከሻው ነው። መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። አንድ ነገር እየተናገረ ነው። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ፤ ካቻቢቴውን ለካሜራው እያወዛወዘ ፊልሙ ወደ ሌላ ክፍል አለፈ።

"መጨረሻ ላይ ምን አለ?" አለች ልብስ አጣቢዋ።

"አላውቅም" አልኩ።

"አይ አንቺ! እያወቅሽ ነው!"

"አላውቅም። አፉ አይታይም። ያንን ነግሮኝ አያውቅም።"

አመኑኝ። ሁሉም ወደ ባለካሜራዋ ዞሩ፤ እሷ እዚያ ነበረችና። ልጅቷ ግንባሯን ይዛ ብዙ አሰበች። "ሲናገሩ ስቄያለሁ" አለች በመጨረሻ። "ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ አፌን ይዤ ነበር። በምን እንደሳቅኩ ግን ጠፍቶኛል።"

ኮት ሰፊው ሊናገርለት አልሞከረም።

ፊልሙ ሲያልቅ ብርድ ልብሶቹን ከመስኮቶቹ አወረድን። ገና ብርሃን ነበር። እንደወትሮው ውይይት ይኖራል ተብሎ ነበር፤ ማንም ስለ ፊልሙ አልተወያየም፤ ሁሉም ተነሥቶ እያንዳንዱ ስለ ራሱ መኪና ያወራል። ቁልፌ ወንበሮቹን እየገፋች መጣችና ፊቴ ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

"አምስት ሳምንት ሙሉ!" አለችኝ። "አምስት ሳምንት ሙሉ ምሳውን ተሸክሜ እየሄድኩ፣ 'ወንድሜ ከባድ ሥራ ይዟል፤ አትረብሹት' እያልኩ ሰፊዎቹን ሳባርርለት! አንቺ ሌባ!"

"ሌባው እሱ ነው" አልኳት። "እኔ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው የገባሁበት።"

ሳቀች። ከዚያ አንገቴን አቅፋ ትንሽ ቆየች። "እማዬን አላነሣትም ማለት ነው" አለች፣ በጆሮዬ።

"እዚህ ላይ አላነሣትም።"

"ይሁን" አለች። "ይሁን። አንቺን አንሥቷል።"

ኮት ሰፊው ባርኔጣውን መልሶ ደፍቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "አንባቢያችን!" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "ኧረ ለመሆኑ መለዋወጫው ደረሰልሽ?"

በሰው ፊት መቀለድ ልማዴ አይደለም። "ደረሰልኝ" አልኩት። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራልኝ።"

ወንበሮቹን አጥፈን ስንጨርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አቡጀዲውን ዳቦ ጋጋሪው ተሸከመልኝ፤ እስከ ቤቴ ድረስ ሦስቱን ሰከንድ ደጋግሞ አወራልኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ባለካሜራዋ ማይኳን ይዛ መጣች፤ ሰክታ፣ ሁለት ጊዜ ፈትሻ። ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት፣ በባዶው የንባብ ክፍል ውስጥ ወሬዋን ለምስሉ አነበብኩለት፤ በዚያው በማይቀየረው ድምፄ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት፤ ስህተት አልነበረበትም። ቃሉን ደብተር ላይ ጽፌ ከሌሎቹ ፊልሞች ትርጉም ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሰው ጠይቆ ማንበብ ይችላል። ኮት ሰፊው ሁለት ጊዜ ተውሶታል።

ፊልሙ አሁን ወደ ሌሎች ሰፈሮችና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል፤ እንደኛው ዓይነት ስድሳ ወንበር ወዳላቸው ክፍሎች። ሰዎች እዚያ ቦታ ላይ ይስቃሉ ብላ ልጅቷ ትጽፍልኛለች። ብዙዎቹ 'መጨረሻ ላይ ምን አለ?' ብለው ይጠይቋታል፤ እሷም ለኔ ታስተላልፈዋለች፤ እኔም የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። ወሬዋ ሙሉ ናት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ሰከንድ ዝምታ አለ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ከማንም ጋ የለም።